የሉርዷ ቅድስት በርናዴት ሕይወት፤ የጌታ እናት በካቶሊክ እምነት ስላላት ስፍራ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ለእመቤታችን ለቅድስት ድንግል ማርያም የሚሰጡትን ክብር አይተህ ምናልባት አስበህበት ይሆናል። በየቤተ ክርስቲያናቸው ሥዕሏ አለ፤ በእጃቸው መቍጠሪያ ይይዛሉ፤ የመልአኩንም ሰላምታ ዕለት ዕለት ይደግማሉ። ይህን የሚያይ ሰው አንዳንዱ ለፍጡር የማይገባ አምልኮት አድርጎ ይቈጥረዋል። አንዳንዱ ደግሞ፥ ራሱ ካቶሊክ ሳለ፥ እናቲቱን በማክበሩ ብቻ የልጇን ትእዛዝ ከመጠበቅ ነጻ የሚወጣ ይመስለዋል። ሁለቱም ከእውነት ርቀዋል። ይህንንም በክርክር ከማስረዳት ይልቅ በአንዲት ድኻ ልጅ ሕይወት ማሳየት የተሻለ ስለ ሆነ፥ የበርናዴት ሱቢሩን ታሪክ በአጭሩ እነግርሃለሁ። ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድመህ ግን ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን ልብ በል። አምልኮት ለአንዱ አምላክ፥ ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው፤ ከዚህም ለመላእክት ወይም ለቅዱሳን ተከፍሎ የሚሰጥ ድርሻ የለም። ለጌታ እናት ከቅዱሳን ሁሉ የሚበልጥ አክብሮት ይገባታል፤ ሆኖም ይህ አክብሮት ከአምልኮት የሚለየው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በዓይነቱም ነው። በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን የተሰበሰቡት አባቶች ንስጥሮስን አውግዘው ወላዲተ አምላክ የሚለውን ስሟን ባጸኑ ጊዜ፥ የተከራከሩት ከሁሉ በፊት ስለ ልጇ ነበረ። ከእርሷ የተወለደው ሰው ብቻ ሳይሆን እውነተኛ አምላክ መሆኑን ለመመስከር ስሙን አጸኑላት። የኢትዮጵያ ክርስቲያኖችም በዚሁ ስም ይጠሯታል። እንግዲህ የእናቲቱ ክብር ለልጁ እውነት እንደ አጥር ነው፤ አጥሩም የሚታጠረው ስለ አዝመራው እንጂ ስለ ራሱ አይደለም።

በርናዴት በ1844 ዓ.ም. ጃንዋሪ 7 ቀን፥ በፈረንሳይ አገር በፒሬኔ ተራሮች ሥር ባለች ሉርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ ፍራንሷ ሱቢሩ የውኃ ወፍጮ ይዞ የሰው እህል የሚፈጭ ሰው ነበረ፤ እናቷም ሉዊዝ ካስቴሮ ትባል ነበር። ሁለቱም ደጎችና እግዚአብሔርን የሚፈሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ገንዘብ መያዝ አያውቁም ነበር። ድኻ እህሉን አስፈጭቶ መክፈል ሲያቅተው ዱቄቱን በዱቤ ይሰጡት ነበረ፤ ዕዳውንም አጥብቀው አይጠይቁም። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት ከሰሩ፤ በ1854 ዓ.ም. ወፍጮውን ለቀው ወጡ። በማግሥቱ ዓመት ኮሌራ ወደ ከተማዪቱ ገባ፤ በርናዴትም ተይዛ ከሞት አፋፍ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ግን የአስም በሽታ እስከ ዕለተ ሞቷ አልለቀቃትም፤ ሰውነቷም ሳያድግ ትንሽ ሆና ቀረች።

ከቤት ወደ ቤት እየተንከራተቱ በመጨረሻ የሚያርፉበት ስፍራ ባጡ ጊዜ፥ አንድ ዘመድ በቸርነቱ ቀድሞ ወህኒ ቤት በነበረች አንዲት ክፍል አስጠጋቸው። ያችም ክፍል ለእስረኞች እንኳ ለጤና አትመችም ተብላ የተተወች ነበረች። አባትና እናት ከአራት ልጆች ጋራ በዚያች ጨለማና እርጥብ ክፍል ይኖሩ ጀመር። በ1857 ዓ.ም. በማርች ወር ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ሁለት ጆንያ ዱቄት ተሰረቀና ፍራንሷ ሱቢሩ ተጠርጥሮ ታሰረ። ማስረጃ አልተገኘበትም፤ የተጠረጠረበትም ምክንያት ድኽነቱ ነበረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተለቀቀ፤ ነገር ግን የሌባ ስም በቤቱ ላይ ቀረ። አንተ በከተማ የምትኖር አንባቢ ሆይ፥ እስኪ እዚህ ላይ ጥቂት ቁም። ዕቃ በጠፋ ጊዜ ዓይንህ አስቀድሞ ወደ ማን ይመለከታል? ወደ አገልጋይህ፥ ወደ ጫማ የለሹ ሰው አይደለምን? የሰው ድኽነት የበደሉ ምስክር አይደለም። ያችን ቤት ሰዎች ሁሉ ንቀዋት ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ከእርሷ ውስጥ ምስክር መረጠ።

በርናዴት የሰው ከብት ለመጠበቅና ለማገልገል ባርትሬስ ወደምትባል መንደር ተላከች። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ገና ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር፤ የመጀመሪያውንም ቅዱስ ቍርባን አልተቀበለችም። ይህን ለመቀበል ተመኝታ ወላጆቿ እንዲመልሷት ለመነች፤ በጃንዋሪ 1858 ዓ.ም. ወደ ሉርድ ተመልሳ ከድኾች ልጆች ጋራ ትምህርተ ክርስቶስ መማር ጀመረች። ትምህርቱ በቶሎ አይገባትም ነበር። በቃሏ የምታውቀው የተለመዱትን ጸሎቶች ብቻ ነበረ፤ በኪሷም መቍጠሪያ አይለያትም ነበር።

በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1858 ዓ.ም.፥ ሐሙስ ዕለት፥ በቤት እንጨት አልቆ ነበርና ከታናሽ እኅቷና ከአንዲት ጓደኛቸው ጋራ እንጨት ለመልቀም ወጣች። ጋቭ በሚባለው ወንዝ ዳር ማሳቢዬል የሚሉት ዓለታማ ዋሻ አለ። ሁለቱ ልጆች ቀዝቃዛውን ውኃ ተሻገሩ፤ በርናዴት ግን ሕመሟን ፈርታ ወደ ኋላ ቀረች። የእግሯን ሹራብ ስታወልቅ እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ ሰማች፤ ዛፎቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። ቀና ብትል ከዋሻው በላይ ባለው የዓለት ቀዳዳ ነጭ ልብስ የለበሰች፥ ሰማያዊ መቀነት የታጠቀች፥ በእያንዳንዱ እግሯ ላይ ቢጫ ጽጌረዳ ያለባት፥ በእጇም መቍጠሪያ የያዘች ወጣት ሴት አየች። ልጅቱ ደንግጣ መቍጠሪያዋን አወጣች፤ ሆኖም ያየቻት ሴት እስክታማትብ ድረስ እጇ ወደ ግንባሯ ሊደርስላት አልቻለም። ከዚያም ጸሎቷን ደገመች፤ ጸሎቱም ሲያልቅ ራእዩ ተሰወረ።

ከዚህ ቀን ጀምሮ እስከ ጁላይ 16 ቀን ድረስ ዐሥራ ስምንት ጊዜ አየቻት። ያች ሴት በአንደበቷ የተናገረቻት በሦስተኛው ጊዜ፥ በፌብሩዋሪ 18 ቀን ነው፤ በአገሩም ቋንቋ፥ በርናዴት በምታውቀው በድኾች ቋንቋ፥ ለዐሥራ አምስት ቀን ወደዚያ ትመጣ ዘንድ እንደ ልመና አድርጋ ጠየቀቻት። በዚህ ዓለም ሳይሆን በሚመጣው ዓለም ደስታ እንደምትሰጣት ተስፋ ሰጠቻት። በርናዴትን ከሁሉ ያስደነቃት በአክብሮት መጠራቷ ነበረ፤ በከተማው ያለ ሰው ሁሉ አንቺ የሚላትን የወህኒ ቤቷን ልጅ፥ ያች ሴት እርስዎ ብላ ጠርታታለችና። የጌታ እናት ሰውን እንዴት እንደምታከብር ከዚህ ተማር። ድኻውን በሚያዋርድ አንደበት ሰላም ለኪ ብሎ መጸለይ የማይስማማ ነገር ነው።

ወሬው በከተማዪቱ ተሰማ፤ ሰውም ወደ ዋሻው ይጐርፍ ጀመር። ሹማምንቱ ሁከት እንዳይነሣ ፈሩ። በፌብሩዋሪ 21 ቀን ዣኮሜ የሚባለው የፖሊስ ሹም ልጅቱን አስጠራ። እርሱ ብልህና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበረ። የነገረችውን ጻፈ፤ ከዚያም ለማጥመድ ያልተናገረችውን ጨምሮ፥ የተናገረችውንም ለውጦ አነበበላት። እርሷ ግን ሳትቈጣም ሳትፈራም ስሕተቱን አንድ በአንድ አቃናችለት። እንደ ገና ቢያነብ እንደ ገና አረመችው። ከዚህ በኋላ ወደ ዋሻው ከተመለሰች ወህኒ እንደሚያስገባት ዛተባት። አስብ፤ አባቷ ገና ባለፈው ዓመት ታስሮ የተፈታ ነው፤ ወህኒ ለዚህች ልጅ የሩቅ ወሬ አይደለም። አንዲት ቃል ብትክድ፥ ወይም ነገሩ ሕልም ሊሆን እንደሚችል ብታምን ኖሮ፥ ቤተ ሰቧ ሁሉ ያርፍ ነበር። አልካደችም። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ሹማምንት፥ ሐኪሞችና ካህናት ደጋግመው መረመሯት፤ ከሁሉም ፊት የተናገረችው አንድ ነው። እንዲያምኗት አትከራከርም ነበር፤ የታዘዘችው ነገሩን ለመናገር እንጂ ሰውን ለማሳመን እንዳልሆነ ታስረዳ ነበር።

ይህ የእውነተኛ ምስክር ጠባይ ነው። ሐሰተኛ ሰው ሰሚው ሲበዛ ወሬውን ያሳድጋል፤ ሲያስፈራሩት ደግሞ ያሳንሰዋል። በርናዴት ግን አልጨመረችም፤ አልቀነሰችምም። ያች ሴት ስሟን እስክትነግራት ድረስ እመቤታችን ማርያም ናት ብላ አልተናገረችም፤ ሕዝቡ ሁሉ ግን አስቀድሞ እንዲህ ይል ነበር። አንተም በችሎት ብትቆም፥ በመሥሪያ ቤት ብትጠየቅ፥ በጓደኞችህም መካከል ወሬ ብታወራ፥ ያየኸውን ያህል ብቻ ተናገር።

በፌብሩዋሪ 24 ቀን የንስሓ ጥሪ ሰማች፤ ስለ ኃጢአተኞች መለወጥ እንድትጸልይ ታዘዘች። በማግሥቱም ከምንጩ ጠጥታ እንድትታጠብ ተነገራት። ምንጭ ስላላየች ወደ ወንዙ ሄደች፤ ያች ሴት ግን በዋሻው ውስጥ ያለ አንድ ስፍራ በጣቷ አሳየቻት። በርናዴት መሬቱን በእጇ ጫረች፤ ጭቃ ውኃ ወጣ፤ ሦስት ጊዜ ወርውራ በአራተኛው ጠጣች፤ ፊቷንም በእርሱ ታጠበች፤ ሣርም ቀምሳ በላች። ተሰብስቦ የነበረው ሕዝብ ፊቷ በጭቃ ተለውሶ ባየ ጊዜ እንዳበደች ቈጠራት፤ ትናንት ያመሰገኗት ዛሬ ሣቁባት። ነገር ግን ከጭቃው ውስጥ ውኃው እየጠራ ፈሰሰ፤ እስከ ዛሬም አልነጠፈም። ንስሓም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የራስን ጭቃ በእጅ መጫር ነው፤ ጥሩው ውኃ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በማርች 2 ቀን ለካህናቱ ተልእኮ ተሰጣት፤ በዚያ ስፍራ ጸሎት ቤት እንዲሠሩና ሕዝቡም በዑደት እንዲመጣ። የከተማዪቱ ቆሞስ አባ ፔይራማል ግርማ ያላቸው፥ ቍጣቸው የሚያስፈራ፥ ልባቸው ግን ለድኻ የሚራራ ካህን ነበሩ። ልጅቱን በቍጣ ተቀበሏት፤ ስሟን የማትናገር ሴት የምትሰጠውን ትእዛዝ እንደማይፈጽሙ ነገሯት፤ ጸሎት ቤቱን ከፈለገች ስሟን እንድትገልጽና በዋሻው ያለውን የጽጌረዳ ቍጥቋጦ በክረምቱ ብርድ እንድታሳብበው ጠየቁ። ቆሞሱ ይህን በማድረጋቸው አትንቀፋቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን ራእይ ሁሉ ወዲያው አትቀበልም፤ መንፈስን ሁሉ መመርመር የእረኞች ግዴታ ነውና። ጽጌረዳው አላበበም፤ ስሙ ግን መጣ።

በማርች 25 ቀን፥ መልአኩ ገብርኤል ለድንግል የምሥራች ያበሠረበት በዓል በሚከበርበት ዕለት፥ በርናዴት ያች ሴት ማን እንደ ሆነች ትነግራት ዘንድ ደጋግማ ለመነቻት። እርሷም እጆቿን ገጥማ ወደ ሰማይ አየች፤ ስሟም ንጽሕት ፅንሰት መሆኑን ነገረቻት። ልጅቱ የቃሉን ትርጕም አላወቀችም። እንዳይጠፋባት በመንገድ ሁሉ እየደገመች ሮጣ ለቆሞሱ ነገረች። እኚያ ብርቱ ካህን ቃሉን ሰምተው ተንቀጠቀጡ፤ ትምህርተ ክርስቶስ የማይገባት ልጅ ይህን ከራሷ ልታወጣው እንደማትችል ዐወቁ።

አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ቃል ትርጕም በትክክል ያዝ፤ ብዙ ሰው ይስተዋልና። ንጽሕት ፅንሰት ማለት ጌታ ከድንግል ያለ ዘር መፀነሱ አይደለም፤ ያ ሌላ ምስጢር ነው። ይህ ቃል የሚናገረው ማርያም ራሷ በእናቷ ማኅፀን ስለ ተፀነሰችበት ቅጽበት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዘጠነኛ በ1854 ዓ.ም. ዲሴምበር 8 ቀን ያወጁት ትምህርት፥ ድንግል ከፅንሰቷ የመጀመሪያ ቅጽበት ጀምሮ ከአዳም ኃጢአት ተጠብቃ መገኘቷን ያስተምራል። ነገር ግን በራሷ ኃይል አይደለም። በእግዚአብሔር ልዩ ጸጋ፥ የሰው ልጅ መድኃኒት ስለ ሆነው ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ዋጋ ነው። እኛ ወድቀን ተነሣን፤ እርሷ እንዳትወድቅ ተጠበቀች፤ የሁላችንም አዳኝ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ይህ ስም እናቲቱን ከልጇ ዕዳ ነጻ አያደርጋትም፤ እንዲያውም ከሁሉ አብልጦ የእርሱ ባለዕዳ ያደርጋታል።

በጁን 3 ቀን በርናዴት የመጀመሪያውን ቅዱስ ቍርባን ተቀበለች። በዚያው ወር የከተማው ሹማምንት ዋሻውን በሳንቃ አጠሩት፤ ወደዚያም መግባት ተከለከለ። እርሷ በሕጉ ላይ አልተነሣችም፤ ሕዝቡንም አላነሣሣችም። በጁላይ 16 ቀን ከወንዙ ማዶ ተንበርክካ ለመጨረሻ ጊዜ እመቤታችንን አየች፤ አጥሩም ወንዙም አልጋረዷትም። በኦክቶበር ወር በንጉሠ ነገሥቱ በናፖሊዮን ሦስተኛ ትእዛዝ አጥሩ ተነሣ። የታርብ ጳጳስ አቡነ ሎራንስ በዚያው ዓመት መርማሪዎችን ሾሙ፤ ምርመራውም ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ፈጀ። በ1862 ዓ.ም. ጃንዋሪ 18 ቀን ሰባት ፈውሶችን ከእግዚአብሔር የሆኑ ብለው ተቀብለው፥ ወላዲተ አምላክ በእውነት ለበርናዴት እንደ ተገለጸች ምእመናን ቢያምኑ በቂ ምክንያት እንዳላቸው አስታወቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ዕወቅ። ቤተ ክርስቲያን ማንንም ሰው በሉርድ ራእይ እንዲያምን አታስገድድም፤ ራእዩ ለሃይማኖት የሚጨመር አዲስ ትምህርት አይደለምና። መለኮታዊው መገለጥ በክርስቶስ ተፈጽሟል። እንዲህ ያለው ራእይ የሚያገለግለው የተረሳውን ወንጌል ለማሳሰብ ብቻ ነው፤ ንስሓን፥ ጸሎትን፥ ለድኻ መራራትን። ከዚህ ሌላ ነገር የሚያስተምር ራእይ ቢመጣ፥ ከወንጌል የማይስማማ ስለ ሆነ ይጣላል።

አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና መጣባት፤ እርሱም ገንዘብና ምስጋና ነው። ከሩቅ አገር መኳንንትና ሀብታሞች እየመጡ በዚያች ጨለማ ክፍል የተቀመጠችውን ልጅ ይጐበኙ ነበር፤ ወርቅም ያቀርቡላት ነበር። ቤቱ እንጀራ አጥቶ ያድራል። እርሷ ግን የሰጧትን ሁሉ ትመልስ ነበር፤ ገንዘቡ እንደ እሳት እንደሚያቃጥላት ትናገርም ነበር። ታናሽ ወንድሟ ለእንግዶች ውኃ ከምንጩ ቀድቶ ገንዘብ ቢቀበል በጥፊ መትታ እንዲመልስ አደረገችው። መቍጠሪያቸውን እንድትባርክላቸው ሲለምኗት ካህን አለመሆኗን እየነገረች እምቢ አለች። እግዚአብሔር በነጻ የሰጠው በነጻ እንዲሰጥ ታውቅ ነበርና። አንተ የምትማር ወጣት ሆይ፥ ያገኘኸው ዕውቀት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ነገ ሹም ወይም ጸሐፊ በሆንህ ጊዜ ጉዳይ ያለው ድኻ በደጅህ ሲቆም፥ የአንዲት የተራበች ልጅ እጅ ወርቅ እንደ መለሰ አስታውስ።

በ1860 ዓ.ም. የኔቬር ደናግል በሉርድ ባላቸው ቤት ተቀብለው ማንበብና መጻፍ አስተማሯት። በዚያም እመቤታችን ወዴት እንደምትጠራት በጸሎት ጠየቀች፤ ምላሹንም ያገኘችው በራእይ ሳይሆን እንደ ማናችንም በማሰብና በመመካከር ነው። በ1866 ዓ.ም. በጁላይ ወር፥ ሃያ ሁለት ዓመቷ ሲሆን፥ ወላጆቿን፥ አገሯንና ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን ዋሻ ተሰናብታ ወደ ኔቬር ሄደች። ዳግመኛም ሉርድን አላየችም። በደረሰች በማግሥቱ በእኅቶች ሁሉ ፊት ታሪኳን አንድ ጊዜ ተናገረች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ራእዩ እንዳትናገር፥ ሌሎችም እንዳይጠይቋት ታዘዘ። የገዳም ልብስ ለብሳ ማርያም በርናር ተባለች። እናቷ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 8 ቀን፥ በንጽሕት ፅንሰት በዓል፥ ሞተች፤ በርናዴት ግን ከመቃብሯ ላይ አላለቀሰችም፤ ርቃ ነበረችና።

በገዳም ውስጥ የጠበቃት ውዳሴ አልነበረም። አዲስ ገቢዎችን የሚያሠለጥኑት እናት ማርያም ተሬዝ ቮዙ ቀዝቀዝ አድርገው ያዟት፤ ምናልባት እንዳትታበይ ፈርተው ይሆናል፤ ይህችም የገበሬ ጠባይ ያላት፥ ልቧን በቶሎ የማትገልጥ ልጅ ልባቸውን አልማረከችውም። በ1867 ዓ.ም. ኦክቶበር 30 ቀን መሐላዋን በፈጸመች ጊዜ፥ ጓደኞቿ ሁሉ ወደ ልዩ ልዩ ቤት ለሥራ ሲመደቡ፥ ለእርሷ ግን ለምንም እንደማትረባ በጳጳሱ ፊት ተነገረ። ጳጳሱም የጸሎትን ሥራ ሰጧት፤ በሕሙማን ክፍልም እንድትረዳ ቀረች። በዚያ ለብዙ ዓመት ሕሙማንን በደስታና በብልሃት አስታመመች። እመቤታችን እንደ መጥረጊያ እንደ ተገለገለችባትና፥ መጥረጊያም ሥራው ሲያልቅ ከበር ኋላ እንደሚቀመጥ ታስብ ነበር፤ በዚያም ስፍራዋ ደስ ይላት ነበር።

ከዚህም በኋላ ሕመሟ ጸናባት። አስሙ ትንፋሿን ይቈርጥ ነበር፤ የጕልበቷም አጥንት በነቀርሳ በሽታ ተበልቶ ሌሊትና ቀን ያሠቃያት ነበር። አንባቢ ሆይ፥ እርሷ በእጇ ጭራ ያወጣችው ምንጭ የብዙ ሰዎችን ደዌ ሲያስወግድ፥ እርሷ ራሷ አልተፈወሰችም። ይህ ያስደንቅህ ይሆናል። ነገር ግን የተሰጣት ተስፋ በዚህ ዓለም ደስታ እንዳልነበረ አስታውስ። ምንጩ ለእርሷ እንዳልሆነ ዐውቃ ሳታጕረመርም ተቀበለች፤ ሕመሟንም ስለ ኃጢአተኞች ከክርስቶስ መስቀል ጋራ አንድ አድርጋ አቀረበች። ለእግዚአብሔር የሚጸልይ ሰው ሁሉ የጠየቀውን አያገኝም፤ ጸሎትም የእግዚአብሔርን ፈቃድ መግዣ ገንዘብ አይደለም። እናቲቱም ከመስቀሉ ሥር ቆማ ልጇ እንዲወርድ አልጠየቀችም።

በ1879 ዓ.ም. ኤፕሪል 16 ቀን፥ በትንሣኤ ሳምንት ረቡዕ ዕለት፥ በሠላሳ አምስት ዓመቷ ዐረፈች። መተኛት ስላልቻለች በወንበር ተቀምጣ፥ መስቀሉን በእጇ ይዛ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ከአፏ የወጣው የሰላምታው ጸሎት ነበረ፤ እመቤታችን ስለ እርሷ፥ ስለ ድኻዪቱ ኃጢአተኛ፥ እንድትለምን ደጋግማ ጠየቀች። ይህንን ልብ በል። የጌታን እናት ዐሥራ ስምንት ጊዜ ያየች ሴት በሞት ደጃፍ ላይ እንደ ማናችንም ኃጢአተኛ ሆና ጸሎት ለመነች፤ በራእይዋ አልተመካችም። እናቲቱንም የለመነቻት እንድታድናት ሳይሆን ወደ ልጇ እንድትጸልይላት ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ በ1925 ዓ.ም. ብፅዕት፥ በ1933 ዓ.ም. ዲሴምበር 8 ቀን ደግሞ ቅድስት ብለው ሰየሟት። ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ያለቻት ራእይ ስላየች አይደለም፤ ያየችውን ስለ ኖረችበት ነው፤ ስለ ትሕትናዋ፥ ስለ እውነተኛነቷና ስለ ትዕግሥቷ። ራእይ ስጦታ ነው፤ ምግባር ግን ከጸጋ ጋራ የሚሠራ ሥራ ነው። ሉርድ ዛሬ በየዓመቱ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች የሚሄዱባት ከተማ ናት። ከ1883 ዓ.ም. ጀምሮ ሐኪሞች ተፈወስን የሚሉትን የሚመረምሩበት ቢሮ በዚያ አለ፤ በብዙ ሺህ ከሚቈጠሩት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ተአምር ብላ የተቀበለቻቸው ሰባ ያህል ብቻ ናቸው። ከዚህም ጥንቃቄዋን ታያለህ። ወደዚያ የሚሄዱት ድውያን አብዛኞቹ ከነሕመማቸው ይመለሳሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ለመሸከም የሚያስችል ኃይል ይዘው ይመለሳሉ።

እንግዲህ የጌታ እናት በካቶሊክ እምነት ያላት ስፍራ ምን እንደ ሆነ ከዚህ ታሪክ ተረዳህ። በ1964 ዓ.ም. ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እንዳስተማረው፥ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ክርስቶስ ብቻ ነው፤ የእናቱም አገልግሎት ከእርሱ መካከለኛነት ምንም አይቀንስም፤ ምንም አይጨምርበትም፤ ኃይሉን ሁሉ የሚያገኘው ከእርሱ ነው። በቃና ሰርግ አገልጋዮቹን ወደ ልጇ ትእዛዝ እንዳመለከተቻቸው፥ በሉርድም ያደረገችው ይኸንኑ ነው። ልጅቱን ወደ ንስሓ፥ ወደ ካህናት፥ ወደ ጸሎት ቤት ላከቻት፤ በዚያም ጸሎት ቤት የሚቀርበው የልጇ ሥጋና ደም ነው። ለራሷ ያስቀረችው አንዳች ነገር የለም።

ስለዚህ፥ ወዳጄ ሆይ፥ እመቤታችንን አከብራለሁ የምትል ከሆነ ክብርህን በምግባር አሳይ። በዓሏን ጾመህና አስቀድሰህ በማግሥቱ በሐሰት ሚዛን ብትሸጥ አላከበርሃትም። ሥዕሏን በቤትህ ሰቅለህ የቤት ሠራተኛህን ብትሰድብ፥ በሚስትህም ላይ እጅህን ብታነሣ አላከበርሃትም። መቍጠሪያህን በአንድ እጅ ይዘህ በሌላው ጉቦ ብትቀበል፥ ያች የተራበች ልጅ ትፈርድብሃለች። እናትን ማክበር ልጇ ያዘዘውን ማድረግ ነው። ይህን የምታደርግ ከሆነ፥ ሉርድን ሳታይም ብትቀር፥ በርናዴት ወደ ሄደችበት ወደዚያ ደስታ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ነህ። እግዚአብሔር በልጁ በኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ለዚህ ያብቃን፤ አሜን።